ወይንዎ ሥር ጉዝጓዝ ከመጎዝጎዝዎ በፊት

ለበዓል ቤት ውስጥ ቄጠማ ስንጎዘጉዝ የምናስበው ለእንግዳ እግርና ለዓይን ነው። እርሻ ላይ የሚነጠፍ ጉዝጓዝ ግን ከእግር በታች ተኝቶ አይቀርም። ዝናብ በጣለ፣ መስኖ በተከፈተ ቁጥር ውኃው በጉዝጓዙ ውስጥ ሲያልፍ የሚሟሟውን ሁሉ ይዞ ወደ ሥር ይወርዳል። ጉዝጓዙ ከተብላላ ብስባሽ የተሠራ ከሆነ ደግሞ የወይኑ ሥር የሚያገኘው ጥላ ብቻ አይደለም፤ ማዕድ ነው። ማዕዱ ላይ ያለው ግን ሁልጊዜ ወይኑ የራበው ነገር አይሆንም። ብዙ ሰው ብስባሽ የሚጎዘጉዘው ውኃ ለመቆጠብና አረም ለማፈን ነው። ከብስባሹ ጋር ብዙ ፖታሺየም በአንድ ጊዜ እያፈሰሰ መሆኑ አይታየውም። ይህን መመሪያ የጻፍኩት በዋናነት ለዚህ ነው።

በምሳሌነት የምይዘው የመካከለኛውን ስምጥ ሸለቆ ነው። በዝዋይ፣ በአሁኗ ባቱ፣ የፈረንሳዩ ካስትል ኩባንያ ያለማው የወይን እርሻ ከሜርሎ፣ ከሲራ፣ ከካቤርኔ ሶቪኞንና ከሻርዶኔ የሠራቸውን የመጀመሪያ ወይን ጠጆች እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ አቅርቧል። አርሲ መርቲ ላይ ደግሞ የአዋሽ ወይን ጠጅ እርሻ አለ። ዝዋይ ከባሕር ወለል በላይ 1,640 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ በዓመት 700 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ የምታገኝ፣ ዝናቧም አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም የሚጠቃለል አገር ናት። ከዚያ ወዲያ ያለው ረጅም በጋ፣ ነፋስና ፀሐይ ነው። አፈሩ ከእሳተ ገሞራ አመድና ከሐይቅ ደለል የተገኘ፣ ብዙ ቦታ ላይ አሸዋማና ቀለል ያለ፣ ብስባሹ ያነሰ፣ ወደ አልካላይነት ያዘነበለ ነው። ጉዝጓዝ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ መሬት ነው፤ ጥንቃቄም የሚሻው እንዲህ ያለ መሬት ነው። አንድ ሄክታር ቢኖርዎት ወይም በግቢዎ በር ላይ የተንጠላጠለች አንዲት ሐረግ፣ መንገዱ አንድ ነው፤ የሚለየው መጠኑ ብቻ ነው።

አስቀድመው አፈሩን ያስመርምሩ

ከእርሻዎ ከ15 እስከ 20 ከሚሆኑ ቦታዎች፣ ከወይኑ ረድፍ ሥር እንጂ ከመተላለፊያው መሃል ሳይሆን፣ አፈር ይውሰዱ። ከላይ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ያለውን በአንድ ባልዲ፣ ከ30 እስከ 60 ያለውን በሌላ ባልዲ አድርገው ያደባልቁ፤ ከየባልዲው አንድ ኪሎ ያህል በየራሱ ከረጢት ይያዙ። መሬትዎ ግማሹ አሸዋማ ግማሹ ጥቁር ከሆነ አይቀላቅሏቸው፤ እንደ ሁለት እርሻ ይቁጠሯቸው። ባቱ ከተማ የአፈር ምርምር ማዕከል አለ፤ በየክልሉም የአፈር መመርመሪያ ላቦራቶሪዎች አሉ።

ላቦራቶሪው ፒኤች፣ ጨዋማነት፣ ኦርጋኒክ ካርቦን፣ ፎስፈረስ፣ ፖታሺየም፣ ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ሶዲየም እንዲያይልዎ ይጠይቁ። ገንዘብ ካጠረ ፖታሺየም፣ ማግኒዥየምና ጨዋማነት አይቅሩ። የመስኖ ውኃዎንም በአንድ ንጹሕ ጠርሙስ ይዘው ይሂዱ። ወይን ጨው የሚችልበት ልክ አለው፦ የአፈሩ ጨዋማነት ከ1.5 ዴሲሲመን በሜትር በላይ ከሄደ፣ በእያንዳንዱ አንድ ዴሲሲመን ጭማሪ ምርቱ በ10 ከመቶ ገደማ ይቀንሳል ተብሎ ይሰላል። ብስባሽ በተለይ ፍግ የበዛበት ከሆነ የራሱ ጨው አለው። መሬቱ አስቀድሞ ጨው የቀመሰ ከሆነ ጉዝጓዙ ሌላ ጨው ይጨምርበታል።

ምን ዓይነት ብስባሽ?

ጥሬ ጭድ ጉዝጓዝ ነው፤ ምግብነቱ ግን ትንሽ ነው፣ ምስጥም ይወደዋል። ደቃቅ፣ አፈር የመሰለ ብስባሽ ደግሞ ምግብ ነው፤ ጉዝጓዝነቱ ግን ደካማ ነው፤ ሲደርቅ ነፋስ ይወስደዋል፣ ሲርስ ለአረም ዘር መልካም መደብ ይሆናል። ለወይን የምንፈልገው የሁለቱን መካከል ነው፦ ሙቀቱን ጨርሶ የተብላላ፣ ግን ገና የጣት ቁራጭ የሚያህሉ የእንጨትና የአገዳ ስብርባሪዎች ያሉበት ሻካራ ብስባሽ። በአውስትራሊያና በካሊፎርኒያ የወይን እርሻዎች ከከተማ የአትክልት ተረፈ ምርት የተሠራ እንዲህ ያለ ሻካራ ብስባሽ ሲጎዘጎዝ ብዙ ዓመት ሆኗል።

በእኛ አገር ያለው ጥሬ ዕቃ ሌላ ነው። ከግርዘት የተረፈው የወይን ሐረግ አለ፤ በጣት ርዝመት ይከትክቱት። የበቆሎና የማሽላ አገዳ፣ የስንዴ ገለባ፣ የደረቀ ቅጠል አለ። ከእነዚህ ደረቅና ሻካራ ነገሮች ሦስት እጅ፣ ከከብት ፍግና ከእርጥብ ሣር አንድ እጅ በስፍር ይቀላቅሉ። የዶሮ ኩስ ካለዎት ከዚያ አንድ እጅ ውስጥ ጥቂቱን ብቻ ይተኩበት፤ ናይትሮጂኑም ጨውም ብርቱ ነው።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን ለይቼ ልንገርዎ። የመጀመሪያው አመድ ነው። የብስባሽ አዘገጃጀት የሚያስተምሩ መመሪያዎቻችን በየንብርብሩ አመድ ነስንሱ ይላሉ። ለደጋው አሲዳማ አፈር መልካም ምክር ነው። ለስምጥ ሸለቆ ወይን ግን አይሆንም። አመድ ፖታሺየምና ኖራ ነው፤ አልካላይ የሆነውን አፈር ይበልጥ አልካላይ ያደርጋል፣ ብረትንና ዚንክን ከወይኑ ሥር ያርቃል፣ ፖታሺየሙንም ያለ ልክ ያንረዋል። አመዱን ለጎመን መደብዎ ያቆዩት።

ሁለተኛው የቡና ገለፈትና ወይን ተጨምቆ የሚቀረው ልጣጭና ፍሬ ነው። ሁለቱም መልካም የብስባሽ ግብዓቶች ናቸው፤ ሁለቱም በፖታሺየም የበለጸጉ ናቸው። የአፈር ምርመራዎ ፖታሺየም ጎድሏል ካለ እሰየው፤ ሞልቷል ካለ ግን ድርሻቸውን ያሳንሱ፣ በምትካቸው የተከተከተ እንጨትና ገለባ ያብዙ። የሙዝ ግንድም ከዚህ ወገን ነው።

ሦስተኛው ቱፎርዲ ነው። ጤፍና ስንዴ ላይ ሰፊ ቅጠል ያለውን አረም ለማጥፋት የሚረጨው ይህ መድኃኒት የወይን ቀንደኛ ጠላት ነው፤ ከጎረቤት ማሳ በነፋስ የመጣ ጉም እንኳ የወይን ቅጠልን ያጣምማል። ብስባሽ ውስጥ በጊዜ ይፈርሳል፤ ግን ሁሉም ፀረ አረም እንደሱ ቶሎ አይፈርስም፤ ከብት በልቶት በፍጉ ውስጥ ወጥቶ እንኳ ጉልበቱን የሚጠብቅ አለ። ስለዚህ ጭዱና ገለባው ከየትኛው ማሳ እንደመጣ፣ ምን እንደተረጨበት ይጠይቁ። ከአበባ እርሻ የሚወጣ የጽጌረዳ ግንድና ቅጠል ካገኙም እንዲሁ። መልሱ ያላረካዎት እንደሆነ ወደ ኋላ የምነግርዎ የቦሎቄ ፈተና አለ።

ክምሩን ወደ ሁለት ሜትር ተኩል ወርድ፣ አንድ ሜትር ተኩል ቁመት አድርገው በረጅሙ ይከምሩት። ሲከምሩ እያራሱ ይሁን፤ አንድ እፍኝ ጨብጠው ሲያጥብቁት ጥቂት ጠብታ ብቻ ከጣትዎ መሃል ከወጣ እርጥበቱ ልክ ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ውስጡ ይግላል። ቴርሞሜትር ካለዎት 55 ዲግሪና ከዚያ በላይ መድረሱን ይከታተሉ፤ ከሌለዎት ብረት ዘንግ ሰክተው ከደቂቃዎች በኋላ ሲያወጡት በእጅ የማይጨበጥ ከሆነ ደርሷል። በአሜሪካ በረጃጅም ክምር ለሚዘጋጅ ብስባሽ የሚጠየቀው፣ ሙቀቱ ለ15 ቀናት ከ55 ዲግሪ ሳይወርድ ክምሩ ቢያንስ አምስት ጊዜ እንዲገላበጥ ነው። እርስዎም ይህን ይያዙ። ማገላበጡ አድካሚ ነው፤ ግን ውጪ የነበረው ወደ ውስጥ ካልገባ የአረም ዘሩና የበሽታው ጀርም በዳር ተርፎ ይቀራል። አበባ ያወጣ ቅንጨ አረምና የሰርዶ ሥር ግን በሙቀቱ ተማምነው አይጨምሩ።

ከዚያ በኋላ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይረፍ። ጨርሶ መብሰሉን በአፍንጫዎ ያውቃሉ፤ የጫካ አፈር ሽታ አለው። አሞኒያ ከሸተተ ገና ነው። እርጥብ ብስባሽ በላስቲክ ከረጢት አስረው ለሦስት ቀን ያስቀምጡት፤ ሲፈቱት የኮመጠጠ ወይም የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ካለው ይታገሡት። ከዚያ የቦሎቄው ፈተና፦ ብስባሹን ከንጹሕ አፈር ጋር እኩል ለእኩል ደባልቀው በሦስት ጣሳ ላይ ቦሎቄ ይዝሩ፤ በሌሎች ሦስት ጣሳዎች አፈር ብቻ። በሦስት ሳምንት ውስጥ የብስባሹ ቦሎቄ ቅጠሉ እንደ ሲኒ ከተጨበጠ፣ ግንዱም ከተጣመመ፣ ያን ብስባሽ ወይን አጠገብ አያድርሱት።

የበሰለውን በግንበኞች የአሸዋ ወንፊት ይንፉት። በወንፊቱ ላይ የቀረው ሻካራው ለጉዝጓዝ ነው፤ ያለፈው ደቃቁ ለአዲስ ተከላ ጉድጓድና ለአትክልት መደብ ይሁንልዎ።

ስሌቱ

አካፋውን ከማንሳትዎ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ያንሱ። በረድፍና በረድፍ መካከል 2.5 ሜትር ባለው እርሻ አንድ ሄክታር 4,000 ሜትር የረድፍ ርዝመት አለው። 60 ሳንቲ ሜትር ወርድና 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ቢያነጥፉ 120 ሜትር ኩብ ይሆናል። ሻካራ ብስባሽ በሜትር ኩብ 500 ኪሎ ቢመዝን 60 ቶን፣ በእኛ አቆጣጠር 600 ኩንታል ነው። 50 ኩንታል የሚጭን አይሱዙ 12 ጊዜ መመላለስ አለበት።

ከዚህ 60 ቶን 40 ከመቶው ውኃ ነው እንበል፤ ደረቁ 36 ቶን ይሆናል። ናይትሮጂኑ 1 ከመቶ፣ ፖታሺየሙም 1 ከመቶ ቢሆን (ይህ ለብስባሽ እንግዳ ያልሆነ መጠን ነው)፣ በሄክታሩ ላይ 360 ኪሎ ናይትሮጂንና 360 ኪሎ ፖታሺየም አነጠፉ ማለት ነው። በቁጥር እኩል ናቸው፤ በባሕርይ ግን አይገናኙም።

ናይትሮጂኑ በብስባሹ አካል ውስጥ የታሰረ ነው። ረቂቃን ተሕዋስያን ብስባሹን እየበሉ ቀስ በቀስ ይፈቱታል። በመጀመሪያው ዓመት ከጠቅላላው ከ5 እስከ 10 ከመቶ ቢለቀቅ ከ18 እስከ 36 ኪሎ ነው። 10 ቶን ፍሬ ይዞት የሚሄደው ናይትሮጂን ከ15 እስከ 20 ኪሎ ስለሆነ፣ የሚለቀቀው ከወይኑ ፍላጎት ብዙም አይርቅም። በሞቃትና በመስኖ በሚርስ አፈር ግን ከዚህ ሊፈጥን ይችላል።

ፖታሺየሙ ግን በብስባሹ አካል ውስጥ አይታሰርም። በእርጥበቱ ውስጥ ሟሙቶ ያለ ጨው ነው። ውኃ ሲያገኝ ይወርዳል፤ አብዛኛው በመጀመሪያው ዓመት ወይም በሁለተኛው ወይኑ እጅ ይገባል። 10 ቶን ፍሬ ይዞት የሚሄደው ፖታሺየም ደግሞ ወደ 30 ኪሎ ገደማ ነው። 360ን ለ30 ያካፍሉ። የ12 ዓመት ቀለብ በአንድ ቀን አነጠፉ።

ይህ ብዙ ፖታሺየም ምን ያደርጋል? ሥሩ ደጃፍ ላይ ፖታሺየምና ማግኒዥየም ይሻማሉ፤ የበዛው ያሸንፋል። ማግኒዥየም የአረንጓዴው ቀለም እምብርት ስለሆነ ሲያንስ የታችኞቹ፣ ያረጁት ቅጠሎች በደም ሥሮቻቸው መካከል መገርጣት ይጀምራሉ። ከዚያ በላይ የሚያሳስበው ፍሬው ውስጥ የሚሆነው ነው። ፖታሺየም ወደ ፍሬው ገብቶ ከታርታሪክ አሲድ ጋር ይያያዛል፤ የተያያዘው በጨው መልክ ይረጋል። አሲዱ ሲቀንስ የጭማቂው ፒኤች ይወጣል። ፒኤቹ ከወጣ ጭማቂ የተሠራ ቀይ ወይን ጠጅ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ጣዕሙ ይዝላል፣ ለሚያበላሸው ባክቴሪያም በሩን ይከፍታል። ሞቃት አገር ላይ ፍሬው ሲበስል አሲዱ ቀድሞውንም ይጎድላል፤ ስለዚህ ጉዳቱ ለዝዋይ ከፈረንሳዩ ቦርዶ ይልቅ ይብሳል። ፍሬውን ለማዕድ የሚሸጡ ከሆነ የፒኤቹ ጉዳይ ያን ያህል አያሳስብዎት፤ የማግኒዥየሙ ግን ይመለከትዎታል።

እንግዲህ ውሳኔው ይህ ነው። የአፈርዎ ፖታሺየም ዝቅተኛ ከሆነ 5 ሳንቲ ሜትሩን በልበ ሙሉነት ያንጥፉ፤ እንዲያውም ዓይንዎ እያየ ወይኑ ሲታደስ ያገኙታል። መካከለኛ ከሆነ ውፍረቱን ወደ 3 ሳንቲ ሜትር ያውርዱ፣ ፍግና የቡና ገለፈት የሌለበት ክምር ይሥሩ። ከፍተኛ ከሆነ ደግሞ ብስባሹን ይተዉት፤ የተከተከተ የግርዘት ሐረግና የእንጨት ስብርባሪ ብቻ ይጎዝጉዙ። ውኃውን ይቆጥብልዎታል፣ ምግቡን አያዛባብዎትም። ብስባሽ ሁልጊዜ ደግ ነው የሚለውን አነጋገር አልቀበለውም፤ ደግነቱ የሚታወቀው በሚያርፍበት አፈር ነው።

ማንጠፍ

ጊዜው ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ነው፤ አፈሩ ጥግብ ብሎ ሳለ። በደረቅ አፈር ላይ ጉዝጓዝ ማንጠፍ ድርቀቱን መክደን ነው፤ ቀላል ዝናብ ቢጥል እንኳ ጉዝጓዙ ይጠጣውና ሥሩ ዘንድ አይደርስም። ክረምቱ ካመለጠዎት መስኖ ከፍተው እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ካራሱ በኋላ ያንጥፉ። ሞቃት ቦታ ላይ ወይን የሚተኛውና የሚነቃው በክረምትና በበጋ ሳይሆን በመቀስና በውኃ ነው፤ በዓመት ሁለቴ የሚያስመርቱ ከሆነ ከግርዘት ማግሥት ያንጥፉ፤ ፍሬ ሊበስል ሲል ግን አያንጥፉ። ያኔ የሚለቀቀው ናይትሮጂን ወይኑ ፍሬውን ትቶ ቀንበጥ እንዲያሳድድ ያደርገዋል።

አስቀድመው ሰርዶውንና እንግጫውን ከነሥራቸው በዶማ ይንቀሉ። ጉዝጓዝ ከዘር የሚበቅለውን አረም ያፍናል፤ እነዚህን ሁለቱን ግን ያሞቃቸዋል እንጂ አያፍናቸውም።

የጠብታ መስኖ ቱቦውን ከጉዝጓዙ በታች ማድረግ ይሻላል እላለሁ። በሽቦ ላይ የተንጠለጠለ ቱቦ ለማየት ይመቻል፤ ነገር ግን ለአጭር ጊዜ ብቻ ውኃ ከሰጡ ጉዝጓዙ ራሱ ይጠጣዋል። ከመሸፈንዎ በፊት ቱቦውን ጫፉን ከፍተው ያጥቡት፣ ከእያንዳንዱ ቀዳዳ ጠብታ መውረዱን ይዩ፣ ጠብታው የሚወርድበትን ቦታ በትንሽ እንጨት ምልክት ያድርጉበት። የተደፈነ የጠብታ ቀዳዳ ከጉዝጓዝ ሥር ሆኖ የሚታወቀው ወይኑ ከጠወለገ በኋላ ነው።

ከዚያ በመንሽና በአካፋ በሁለቱም ጎን 30፣ 30 ሳንቲ ሜትር እያደረጉ ያንጥፉ። ግንዱን አይንኩት፤ ዙሪያውን ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ባዶ ይተዉ። ግንድ ላይ የተከመረ እርጥብ ነገር ቅርፊቱን ያበሰብሳል፣ አይጥ ይደብቃል። የእንጨት ቋሚዎቹንም እንዲሁ፣ ለምስጥ መንገድ እንዳይሆን። የተብላላ ብስባሽ ከጥሬ ጭድ ያነሰ ምስጥ ይስባል፤ ያም ሆኖ በየሳምንቱ አንድ ሁለት ቦታ ገለጥ አድርገው ይመልከቱ። ብስባሹን ከአፈሩ ጋር አይቀላቅሉት፤ ሻካራው ክፍል ከአፈር ጋር ከተደባለቀ ተሕዋስያኑ እሱን ለማፍረስ የአፈሩን ናይትሮጂን ይሻማሉ። ከላይ ሲቀመጥ ግን ይህ የሚደርሰው በመገናኛው ስስ ንብርብር ላይ ብቻ ነው።

ለአንድ የግቢ ወይን፣ አንድ ሜትር ተኩል ርዝመትና 60 ሳንቲ ሜትር ወርድ ቦታ ካላት፣ 45 ሊትር ይበቃታል፤ ሁለት ባለ 20 ሊትር ባልዲ ከሩብ ማለት ነው። ግቢዎ በቢሾፍቱና በዱከም ዙሪያ እንዳለው ዓይነት ጥቁር ኮትቻ አፈር ከሆነ በክረምት ጉዝጓዙን ወደ ዳር ይጥረጉት። እንዲህ ያለ አፈር ውኃ ሲጠግብ አየር ያጣል፤ ከላይ ደግሞ ሲሸፈን ሥሩ ይታፈናል።

ካነጠፉ በኋላ የመስኖ ልማድዎን ይለውጡ። ትልቁ ስህተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። አፈሩ ከፀሐይና ከነፋስ ስለተከለለ የሚተነው ውኃ ቀንሷል፤ በድሮው ቀጠሮ ማጠጣት ከቀጠሉ ትርፉ ውኃ ናይትሮጂኑን ከሥር በታች አጥቦ ይወስደዋል። ገለጥ አድርገው 20 ሳንቲ ሜትር ይቆፍሩ፣ አፈሩን ይጨብጡ፤ ተያይዞ ከቀረ ነገም ይደር። በጥቂት ወራት ውስጥ ከጉዝጓዙ በታች ነጫጭ ቀጫጭን ሥሮች ወደ ላይ መጥተው ያያሉ። ደስ የሚል ነገር ነው። ግን ከዚያ ወዲያ ዶማ በረድፉ ላይ አያሳርፉ፤ እነዚያ ሥሮች የሚመገቡት እዚያው ነው።

ወይኑ ምን በላ?

የአፈር ምርመራ መሬቱ ያለውን ይነግራል፤ ወይኑ የወሰደውን የሚነግረው ቅጠሉ ነው። ወይኑ ሙሉ ለሙሉ ባበበበት ሰሞን፣ ከአበባው ዘለላ ትይዩ ያለውን ቅጠል ቀንጥሰው፣ ጠፍጣፋውን ክፍል ጥለው፣ ቀጭኗን የቅጠል እጀታ ብቻ ይሰብስቡ። ከ60 እስከ 100 እጀታ ከተለያዩ ተክሎች፣ ከአንድ ዝርያ ብቻ ይውሰዱ። በወረቀት ከረጢት እንጂ በላስቲክ አይያዙት፤ ይሻግታል። በካሊፎርኒያና በአውስትራሊያ የሚሠራበት መለኪያ፣ በአበባ ጊዜ የእጀታው ፖታሺየም ከ1.5 ከመቶ በላይ ከሆነ በቂ፣ ከ1 ከመቶ በታች ከሆነ የጎደለ ይለዋል፤ ማግኒዥየሙ ከ0.3 ከመቶ በላይ ቢሆን መልካም ነው። ፖታሺየሙ ከዓመት ዓመት እየወጣ ማግኒዥየሙ እየወረደ ካዩ፣ የሚቀጥለውን ጉዝጓዝ ከእንጨት ስብርባሪ ብቻ ይሥሩት። የጎደለውን ማግኒዥየም ለጊዜው በማግኒዥየም ሰልፌት ቅጠሉ ላይ በመርጨት መመለስ ይቻላል።

ላቦራቶሪ ሳይሄዱም ቅጠል ማንበብ ይቻላል፤ ቁም ነገሩ መገርጣቱ ከየት እንደጀመረ ማየት ነው። ከታች ካሉት አሮጌ ቅጠሎች ጀምሮ ከዳር ወደ መሃል በደም ሥሮች መካከል ከገረጣና ደም ሥሮቹ አረንጓዴ ሆነው ከቀሩ ማግኒዥየም ነው። ከላይ ካሉት ለጋ ቅጠሎች ከጀመረ ብረት ነው፤ በአልካላይ አፈር የተለመደ ነው፣ ከመጠን በላይ ውኃም ያባብሰዋል። ሙሉው ተክል ከታች ጀምሮ እኩል ከፈዘዘና ቀንበጡ ካጠረ ናይትሮጂን አንሷል። የቅጠሉ ዳር እንደ እሳት የለበለበው ሆኖ ከደረቀ ሁለት ተጠርጣሪ አለ፤ የፖታሺየም ማነስ ወይም ጨው። ወፍራም የብስባሽ ጉዝጓዝ ካነጠፉ በኋላ የመጣ ከሆነ ፖታሺየም የማነሱ ዕድል ጠባብ ነውና ጨዉን ያስመርምሩ። በአንድ ዘለላ ላይ ትልልቅና ሚጥሚጣ ፍሬ የሚያህሉ ደቃቅ ፍሬዎች ተቀላቅለው ከመጡ ደግሞ ዚንክን ይጠርጥሩ።

የናይትሮጂን መብዛት በቅጠል ቀለም ሳይሆን በጠባይ ይታወቃል። ፍሬው ቀለም መያዝ ሲጀምር የቀንበጡ ጫፍ ማደግ ማቆም አለበት። ያኔም እየሮጠ ከሆነ፣ ቅጠሉ ተደራርቦ ዘለላውን ጥላ ካለበሰው፣ በዝናብ ሰሞን የፍሬ ሻጋታ ይከተላል፤ በጥላ ውስጥ የተፈጠረው እንቡጥም ለሚቀጥለው ምርት ዘለላው ያነሰ ይሆናል። የናይትሮጂን ማነስም ዋጋ ያስከፍላል፦ ጭማቂው ውስጥ እርሾ የሚመገበው ናይትሮጂን በሊትር ከ140 ሚሊ ግራም በታች ሲወርድ ፍላቱ መሃል መንገድ ላይ ሊቆም ይችላል። ብስባሽ የተጎዘጎዘበት ደካማ መሬት ይህን ጉድለት በዝግታ ይሞላል፤ ከዩሪያ ይልቅ ብስባሹን የምወደውም ለዚህ ነው።

መከር ሲቃረብ ከየቦታው 100 ፍሬ ለቅመው ጨምቀው ፒኤቹን ይለኩ። ለነጭ ወይን ጠጅ ከ3.1 እስከ 3.4፣ ለቀይ ከ3.3 እስከ 3.6 የተለመደ መጠን ነው። ስኳሩ ገና ሳይደርስ ፒኤቹ ቀድሞ ከወጣ የፖታሺየሙን ነገር ያስቡ።

ይህ ሁሉ ልኬት ግን ማነጻጸሪያ ከሌለው አያሳምንም። ስለዚህ ሲያነጥፉ ሁለት ሦስት ረድፍ፣ ከእርሻው መሃል እንጂ ከዳር ያልሆኑ፣ ሳይጎዘጉዙ ይተዉ። ቋሚዎቻቸው ላይ ቀይ ቀለም ይቀቡ፤ ሠራተኛው ተረፈ ብሎ ብስባሽ እንዳያለብሳቸው አስቀድመው ይንገሩት። እጀታቸውን ለብቻ ያስመርምሩ፣ ፍሬያቸውን ለብቻ ይመዝኑ፣ ጭማቂያቸውን ለብቻ ይለኩ፤ ቀኑንና ቁጥሩን በደብተር ይያዙ። ጉዝጓዙ በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ሳስቶ ከ2 ሳንቲ ሜትር በታች ሲሆን እንደገና የማንጠፍ ጥያቄ ይመጣል። ያኔ ደብተሩን ይግለጡና ቀይ የተቀቡትን ረድፎች ቁጥር ከሌሎቹ ጎን ያስቀምጡ። የተጎዘጎዘው ረድፍ ፍሬው በልጦ ፒኤቹ ካልተለየ ክምሩን እንደበፊቱ ይሥሩ፤ ፒኤቹ ከፍ ካለ ፍጉን ይቀንሱና የግርዘት ሐረጉን ይከትክቱ።